የግራዝማች ባቡርና የመብራቱ መከለያ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ባቡር በማያልፍበት አገር ባቡር ሲያልፍ ለማየት የሚሰበሰብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በየእሑዱ አመሻሽ በግራዝማች ደምሰው ሳሎን። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ምን ላድርግ፣ ባለቤቴ የእህታቸው ልጅ ናት።

ውጭ አገር የተማረ ዘመዳቸው ነው የመጫወቻ ባቡር ያመጣው። ያመጣው ለልጆቻቸው ነበር። ልጆቹ በጣታቸው እንኳ አልነኩትም። ግራዝማች የሳሎኑን እኩሌታ የሚይዝ ጠረጴዛ አሠሩ፤ ከጭቃ ተራራ አቁመው ጮቄ ነው አሉ፤ ከእንጨት ድልድይ ዘርግተው ዓባይ ነው አሉ፤ ጥግ ላይ «ደብረ ማርቆስ ጣቢያ» የሚል ሰሌዳ ተከሉ። ባቡሩ ከማርቆስ ይነሳል፣ ጮቄን ይዞራል፣ ማርቆስ ይገባል። ሌላ መሄጃ የለውም። ግራዝማችም ያው ናቸው፤ ማዕረጋቸውን ይዘው ከተማዋን ሲዞሩ ነው የኖሩት።

የሚመኙትን አገር ያውቀዋል። ወረዳ መግዛት ነው። ልባቸው ያለው ቁይ ላይ ነበር፤ ሮብ ገበያ የሚባለውን ወረዳ ቢሰጧቸውም አይጠሉም።

ታዲያ አንድ ትልቅ ሹም ከአዲስ አበባ ለጉብኝት ይመጣሉ ተባለ። ዘመናዊ ነገር ይወዳሉ ተባለ። ግራዝማች እንቅልፍ አጡ። እኒህ ሰው ባቡሬን ካዩልኝ ወረዳው በእጄ ገባ አሉ። ባቡርና ወረዳ በምን ይገናኛሉ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። በዚያን ጊዜ ከዚህ በባሰ ነገር የተሾመ ስንቱን አይቻለሁ።

ችግሩ መብራቱ ነበር። ከጠረጴዛው በላይ የተደረደሩት አምፑሎች ቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ባቡሩን ያየ ሁሉ ዓይኑን እያሸ ነው የሚወጣው። ዘመድየው ግን መላውን ነግሯቸው ነበር፤ ከአምፑሎቹ ፊት ሳንቃ ይንጠልጠል፣ ብርሃኑ ወደ ባቡሩ ብቻ ይውረድ።

አናጢው አለኸኝ ተጠራ። ሳንቃው የት ድረስ ይውረድ ብሎ ጠየቀ። አምፑሉ ከዓይንህ እስኪጠፋ ድረስ አሉት። አለኸኝ ነጠላውን አደግድጎ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ ከዚያው ከዓይኑ ልክ አየና ለካ። ግራዝማች ፊት ቆሞ እኮ ነው፤ ቀና ብሎ ሊለካ ኖሯል? የቤቱ ሰው ሁሉ በተራ መጥቶ አየ። ሁሉም እጅ ነስቶ፣ ጎንበስ እንዳለ አየ። ሁሉም ግሩም ነው አለ። እኔም እንደ ደንቡ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ እውነትም አምፑሉ ከዓይን ጠፍቶ ባቡሩ ብቻ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግራዝማች ከወንበራቸው ሳይነሱ አዩና ረኩ። በዚያ ቤት ቀጥ ብሎ የሚቆም ነገር ምሰሶው ብቻ ነበር። ወይዘሮዋ ደግሞ ሳንቃው እንዳያስጠላ ብለው ቀይ ከፋይ፣ ከነወርቃማ ዘርፉ፣ አስመቱበት።

ቀኑ ደረሰ። ሹሙ ገቡ። ረጅም ናቸው፤ ለጃንሆይ ካልሆነ ለማንም ጎንበስ የሚሉ አይደሉም። ወንበር ቀረበላቸው። ቸኩያለሁ፣ ቆሜ አየዋለሁ አሉ።

መብራቱ በራ። ባቡሩ ተነሳ። እኛ ጎንበስ ያልነው ሁሉንም እናያለን። ሹሙ ከቀዩ ከፋይ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ወደ ግራ አዩ፣ ከፋይ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ከፋይ። ከሥሩ ባቡሩ ይንኳኳል።

ምን እንደተፈጠረ ሁላችንም ገባን። ጎንበስ ይበሉ ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ግን ማን ይበል? እኔ ልበል? እኔ ልጆች አሉኝ።

«ግሩም መጋረጃ ነው» አሉ ሹሙ። ትንሽ አዳመጡና፣ «ይህ የሚንኳኳው ምንድን ነው?» አሉ።

ግራዝማች ላባቸውን ጠረጉ። ባቡር ነው ቢሉ የታለ ሊባሉ ነው። የታለ ከተባለ ደግሞ ያቺ «ጎንበስ ይበሉ» የምትባል ክፉ ቃል ልትመጣ ነው።

«ነፋስ ነው ጌታዬ» አሉ።

ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጡለትን ባቡር በገዛ አፋቸው ነፋስ አደረጉት። ሹሙ አመስግነው ወጡ። ባቡሩ ጮቄን መዞሩን ቀጠለ።

ሹመቱስ? መጣ እንጂ! ቁይ አይደለም፤ ሮብ ገበያም አይደለም። ትልልቅ እንግዶች ለሚስተናገዱበት አዳራሽ የመጋረጃና የምንጣፍ ኃላፊ ተብለው ተሾሙ። አዝነው አልጋ ላይ ይወድቃሉ ብዬ ነበር። የት አባታቸው! ጭራሽ ደረታቸውን ነፉ። የመንግሥት ሹም ተቀምጦ ባቡር አያይም ብለው ቆመው ማየት ጀመሩ። ለቆመ ሰው እንዲመች አለኸኝን ጠርተው ሳንቃውን ከፍ አስደረጉት።

በሚቀጥለው እሑድ ሄድን። እንደ ወትሯችን እጅ ነስተን ጎንበስ አልን። አምፑሎቹ በሙሉ ዓይናችን ውስጥ ገቡ።

አሁንስ እንዴት ነው አሉን፣ ቀጥ ብለው እንደቆሙ።

ግሩም ነው አልናቸው፣ እንባችን በጉንጫችን እየወረደ። እሳቸውም በሹመታቸው ደስ ብሎን ያለቀስን መስሏቸው፣ አይዟችሁ አሉን።