ገመዱ ይችላል ወይ?

አገር ሲታመስ የኢንተርኔት ፍጥነት የሚያሳስበው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ተመልከቱ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬዎች መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰበታ መንገድ ላይ ጎማ በሚነድበት ሰሞን፣ የቤቴ አሮጌ የኢንተርኔት ገመድ አዲሱን ፍጥነት ይችል እንደሆነ እንዲያይልኝ ባለሙያ ጠራሁ።

ባለሙያውም አዲስ ገመድ ቢያስፈልግ ብሎ ከምሰሶው እስከ በሬ በሜትር መለካት ጀመረ። በዚያ ሰሞን ሜትር የሚዘረጋ ሰው መሬት ሊወስድ የመጣ ነው። ከቤቴ ጀርባ የሚያርሱት ኦቦ ቶሎሳ ዱላቸውን ይዘው፣ ግማሽ ሰበታን አስከትለው ከተፍ አሉ።

«አካም ጅርታ ልጄ፣ ምን ትለካለህ?»

«ገመድ ልዘረጋ ነው፣ አባባ» አለ ባለሙያው።

ገመድ! አያቶቻቸው መሬት በገመድ ተለክቶ ሲወሰድ ባዩ ሰዎች ፊት!

«ከየት እስከ የት?»

«ከአዲስ አበባ እስከዚህ።»

ዱላው ከፍ አለ።

«ኦቦ፣ የኢንተርኔት ነው» አልኩ መሃል ገብቼ፤ «እሱም ይቅር፣ አሮጌው ይበቃኛል።» ባለሙያው ገና አልፈተሸውም፤ እኔ ግን መቶ ዓመት እንደሚያገለግል ማልኩላቸው።

ኦቦ ቶሎሳ ዱላቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«አንተን ያለህ ከበቃህ፣ አዲስ አበባን ያላት ምነው አልበቃት አለ?»