የኬላዋ ሴትዮ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በአንድ የኅዳር እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ መብራት ያለጊዜው ቦግ ያለ ዕለት ነው። ሌላው ሰው የሚያማርረው መብራት ሲጠፋበት ነው፤ እኔ የማማርረው ስለበራብኝ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ። እናንተ የመጽሔቱ ሰዎች የጠየቃችሁኝ ስለ ፊልም ነው። ሰው ልብ ሳይላቸው ካለፉት ውስጥ የትኛውን እንይ ነው ያላችሁት። ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን የት ላይ እንደነካችሁኝ አታውቁም።

ለሰው ፊልም መምረጥ ሚስት እንደማጨት ነው። ትዳሩ ከሰመረ ተጋቢዎቹ ይመሰገናሉ፤ ከፈረሰ አማጩ ይረገማል። ስለዚህ ብልህ ሰው አገር ያየውን፣ አገር የወደደውን ይመርጥና በሰላም ይኖራል። እኔ ያን ብልሃት አልታደልኩም። ሠርግ ቤት ገብቼ እንኳ ማንም ያላናገረውን እንግዳ ፈልጌ አጠገቡ የምቀመጥ ሰው ነኝ። እንግዳው ብዙ ጊዜ አሰልቺ ሆኖ ይገኛል። አልፎ አልፎ ግን ከሙሽሮቹ ይልቅ እሱ ትዝ ሲለኝ ይኖራል።

በደርግ ጊዜ ጅማ ሁለት ዓይነት ፊልም ነበራት፤ የህንድና የወዳጅ አገሮች። በህንዱ እናለቅሳለን፤ በወዳጅ አገሮቹ እናንቀላፋለን። እንቅልፍ ከያዘን ውስጥ አንዱ ስለ ትራክተር የተሠራ ነበር። ካገኛችሁት እዩት፤ ትራክተሩን ግን አትዩ። ከትራክተሩ ኋላ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ንፋስ እንዳይወስድበት ባርኔጣውን በሲባጎ አገጩ ስር አስሮ ፊልሙ እስኪያልቅ አንድ ቃል ሳይናገር ይሄዳል። ስለ ኅብረት እርሻ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ የገባኝ የሱ ዝምታ ነው። ደግሞ አንድ ዘፈን የሌለው የህንድ ፊልም መጥቶ ነበር። የጅማ ሰው «ዘፈኑን አዲስ አበባ ላይ ቆርጠው አስቀርተውብናል» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። እኔ ቀርቼ ጨረስኩት። ባልና ሚስት አንድ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ቆመው የማይነጋገሩበት ቦታ አለው። ከሰው በተኳረፍኩ ቁጥር እሱ ፊቴ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ይመጣል።

ሦስተኛው ነው የኔ ጉድ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ጅማ አስተማሪ ነበርኩ። የቀበሌያችን የቅስቀሳና የባህል ኃላፊ ጓድ መክብብ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። አንድ ክፍል አብረን ኖረናል፤ በሁለታችን መካከል አንድ ካፖርት ነበረችን፣ ተራ በተራ እየለበስናት ሲኒማ እንገባ ነበር። እሁድ እሁድ ከፖለቲካ ውይይት ቀጥሎ ፊልም ይታያል፤ እውነቱን ለመናገር ውይይቱን የሚያስታግሰን ፊልሙ ነው። መክብብ አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ፣ «ሕዝቡ እያንኮራፋ ነው። አንተ ፊልም ታውቃለህ፣ እስቲ ነፍስ ያለው ምረጥልን» አለኝ።

መረጥኩለት። ቀለም የሌለው፣ አርጅቶ የሚንጨረጨር ፊልም ነው። ሐዲድ መንገዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ የምትሠራ ሴትዮ አለች፤ ባቡር ሲመጣ አግዳሚውን እንጨት ትዘጋለች፣ ሲያልፍ ትከፍታለች። ልጇ ጦር ሜዳ ሄዷል። እስከ መጨረሻው ድረስ ሞክሬ አላየሁትም፤ የፕሮጀክተሩ አምፖል እንዳይቃጠል ቀድመን እንድናይ የሚፈቀድልን የመጀመሪያውን የፊልም ጥቅል ብቻ ነበር። ለመክብብም ያንኑ አሳየሁት። «ይሁን» አለ። ትሰሙኛላችሁ? ይሁን ብሏል።

እሁድ ደረሰ። አዳራሹ መጋረጃ ስላልነበረው መስኮቶቹ በቡና ጆንያ ተሸፍነዋል፤ ፀሐይ በጆንያው ቀዳዳ እየሾለከች ግድግዳውን ባለ ኮከብ ሰማይ ታስመስለዋለች። የፊልም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው አወል የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። ከፊልሙ ግርጌ ያለውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ በድምፅ ማጉያ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። አማርኛ የሚሰማው አጠገቡ ላለው በኦሮምኛ ሹክ ይላል። በዚህ የተነሳ በእኛ አዳራሽ ሳቅ ሁለት ጊዜ ይመጣ ነበር፤ አንዱ ሳቅ ሊያልቅ ሲል ሁለተኛው ይነሳል። ለተርጓሚ ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም፤ አንድ ቀልድ ሁለቴ ይጨበጨብለታል።

አግዳሚው እንጨት ገና ሲታይ አዳራሹ አጉረመረመ። በዚያ ዘመን ከጅማ በሚወጣው መንገድ ሁሉ ኬላ ነበር። እናት ለልጇ የቋጠረቻት ቡና ሳትቀር ትፈተሻለች። ከሊሙም ከሰቃም ለገበያ የመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ እንጨት ፊት ቆሞ ያውቃል። ስለዚህ ሴትዮዋን ኬላ ጠባቂ አደረጓት፤ ጠሏት።

«ኧረ ፈትሺው፣ ከመቀመጫው ስር ነው የደበቀው» አለ አንድ የሊሙ ሰው፣ ባቡሩ ሲያልፍ።

«ድርሻዋን በልታ ነው የምታሳልፈው» አለ ሌላው።

ሳቁ መጣ። ሁለተኛውም መጣ። ባቡር መሆኑን ብነግራቸው የሚሰማኝ አልነበረም።

ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ታያቸው። ሴትዮዋ በበጋም በክረምትም በክንዷ ላይ የወንድ ካፖርት ይዛለች። የባቡሩን መስኮቶች አንድ በአንድ ታያለች እንጂ ካፖርቱን አታስቀምጥም። አንድ መንገደኛ ለምን እንደምትይዘው ጠየቃት። መልሷን ተረጎምኩ፤ «ሲወርድ እንዳይበርደው ነው።»

አማርኛ የሚሰማው ዝም አለ። ሹክሹክታው ከረድፍ ረድፍ አለፈ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

የጀመረችው ሃደ ኑሪ ናት። ሃደ ኑሪ ማለት የኑሪ እናት ማለት ነው፤ ጅሬን ነው ቤቷ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ስትለቅም የምትውል ሴት። ኑሪ ተማሪዬ ነበር። ከቤቱ ሲወስዱት በሸሚዝ ብቻ ነበር። ሹራቡን ይዛ መኪናው ድረስ ሮጣለች፤ አልተቀበሏትም። ከዚያ ወዲያ አለም አልተባለ፣ ሞተም አልተባለ። ማልቀስ ደግሞ ክልክል ነው፤ ድንኳን አይጣልም፣ ዱዓ አይደረግም፣ ጎረቤት አይሰበሰብም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ይህን ያለው ሰው ልጅ የጠፋበት አይመስለኝም።

እና በዚያ ጨለማ ውስጥ አለቀሰች። ከፊቷ ያለችውም፣ ከኋላዋ ያለችውም። ለካ አዳራሹ ሙሉ እናት ነበር። በፊልም ማልቀስ እኮ አልተከለከለም።

መብራቱ ቦግ አለ። መክብብ መድረክ ላይ ቆሟል። «ጓዶች፣ ፊልሙ ለጊዜው ተቋርጧል» አለ። የቀረው የመጨረሻው ጥቅል ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ መክብብ ተነሳና፣ «ይህን ፊልም የመረጠው ማን ነው?» ብሎ ቤቱን ጠየቀ። እንደማያውቅ ሰው። እኔም እንደ ሰው ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከዚያ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ መሆኑን አስተዋልኩ። ክሱ ሁለት ነበር፤ በኬላ አሳቀ፣ በልጅ አስለቀሰ። ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት የሚችል አርቲስት ቢሆን ይሸለም ነበር፤ እኔ ከአስተማሪነት ተነስቼ ሊሙ ገነት አካባቢ የቡና መጋዘን ጸሐፊ ሆንኩ። መክብብ ያን ዕለት «እኔም አይቼ ይሁን ብያለሁ» ቢል ምን ይሆን ነበር? አላውቅም። አላለማ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። መጋዘን ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ስለመንቀዝ ትንሽ አውቃለሁ። ዝምም ይነቅዛል።

ለጉዳይ ጅማ ስመጣ ሃደ ኑሪን አገኛት ነበር። አንድም ቀን ስለ ኑሪ አልጠየቀችኝም።

«ማሎ መምህር፣ እባክህ፣ የኬላዋ ሴትዮ ልጅ መጣ?»

«ፊልሙ አላለቀም ሃደ ኑሪ፤ የቀረው ገና አልታየም።»

«ካላለቀ ደግ ነው። አልሐምዱሊላህ» ትልና ትሄዳለች። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ጥያቄዋም መልሴም አንድ ነበር። ፊልሙ ባለማለቁ የተጠቀመ ሰው ካለ እሷ ናት ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ያ ዘመን አለፈ። አወልን አንድ ቀን አውቶቡስ ተራ አገኘሁትና ስለ መጨረሻው ጥቅል ጠየቅኩት። ፊልሙ በተቋረጠ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጓድ መክብብ ጠርቶት፣ በሩን አስዘግቶ፣ ለብቻው አሳየኝ ብሎት ነበር። አወል ማሽኑ ወዳለበት ክፍል ገብቶ አስጀመረለት። በቀዳዳው ያየው የመክብብን ጀርባ ብቻ ነው። «ሲያልቅ ብዙ ሳይነሳ ቆየ። ከዚያ ጥቅሉን ብብቱ ስር ይዞ ወጣ» አለኝ።

እንግዲህ ምከረን ስላላችሁኝ ይህን እመክራችኋለሁ፤ የምታገኙት ከሆነ። እኔ ስሙን ብነግራችሁም መጨረሻውን አልነግራችሁም። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው አንድ ነው። ዘመን ሲገለበጥ እሱ አብሮ አልተገለበጠም፤ ዛሬም ወንበር ላይ ነው። የሚያነብ ሰው ነበር፤ ይህንንም ሳያነብ አይቀርም።

መክብብ፣ ስለ እኔ አልጠይቅህም። የእኔ ይቆይ። ሃደ ኑሪ ታማለች፤ ጅሬን ተኝታለች። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ እንደ ልማዴ «አላለቀም» ልል ስል እጄን ያዘችኝ። «ተወው ኢልማ ኮ፣ ተወው ልጄ» አለችኝ። «ባይመጣም ንገረኝ። ጊዜ የለኝም። ካልመጣ ካፖርቱን ምን አደረገችው? እሱን ልወቅ።» ከራስጌዋ የኑሪ ሹራብ ታጥፎ ተቀምጧል። እጅጌው አልላላ፣ ብል አልበላው፤ በየዓመቱ አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር ብለውኛል።

ውሸት ልነግራት እችል ነበር፤ የቱን ውሸት እንደምመርጥ ግን አላወቅኩም። ስለዚህ «ጠይቄ እመጣለሁ» ብያት ወጥቻለሁ። እየጠየቅኩህ ነው።

ያቺ ሴትዮ ካፖርቱን ምን አደረገችው?