አንደኛ ደረጃ በርበሬ የተባለው መታወቂያዬ

ዛሬ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቡታጅራ ውስጥ፣ አንድ ማሽን የጋዜጠኛ መታወቂያዬን አይቶ «አንደኛ ደረጃ በርበሬ» ሲል መሰከረ።

ቀልድ አይደለም። ማሰሪያው ቀይ ነው፤ ከዚያ ውጪ ከበርበሬ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ምስክር ደግሞ ግቢ ሙሉ!

ወዳጆቼ፣ ከመነሻው ልንገራችሁ።

እትዬ ብርቄ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሴቶች ዛላ በርበሬ እየለቀሙ ጥሩውን፣ መካከለኛውንና የሻገተውን ይለያሉ። የተለቀመውን ሐጂ ከማል ወደ አዲስ አበባ ይወስዱታል። ሐጂ የበርበሬ ገበያ ያላት የጎረቤት ከተማ፣ የእንሴኖ ልጅ ናቸው፤ በዓይናቸው ሳያዩ አይገዙም። አሁን ግን መመላለሱ ሰለቻቸው።

ስለዚህ ዘንድሮ ተስማሙ። የእትዬ ብርቄ የእህት ልጅ ናሆም ኮምፒውተር የተማረ ነው። በርበሬን በካሜራ አይቶ ደረጃ የሚያወጣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ይሠራል። ማሽኑ ሐጂ ፊት ፈተናውን ካለፈ፣ ሐጂ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው የዘንድሮውን ምርት በሙሉ ከእትዬ ብርቄ ይወስዳሉ። ካልሆነ ሌላ ነጋዴ ይፈልጋሉ።

የእትዬ ብርቄና የለቃሚዎቹ ዓመት እዚህ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ዝግጅቱን ብታዩት! ግድግዳ ተቀባ። ጄኔሬተር ተገዛ። በካይዘን ጊዜ የተሰቀለው መፈክር ወርዶ «ለቴክኖሎጂ ዝግጁ ነን» የሚል ባነር ተሰቀለ። ለቃሚዎቹ አንድ ለአምስት ተደራጅተው ሥልጠና ወሰዱ። ቲሸርት ሁሉ ታትሟል።

የቀረው ማሽኑ የሚማርበት ፎቶ ብቻ ነበር። ናሆም ከአዲስ አበባ ደውሎ «ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል አንሱልኝ» አለ።

«ፎቶውን ለእኔ ተዉት» ያልኩት እኔ ነኝ።

ማንም አላስገደደኝም!

በርበሬ ገበያ ገብቶ የማያውቅ ካለ፣ አንድ ነገር ላስረዳው። በእኛ አካባቢ ባለ በርበሬ የጆንያውን አፍ ያለብሳል። ረጅሙን፣ ቀዩን፣ የሚያብረቀርቀውን ዛላ ከላይ ይደረድራል። ይህን ማንም ማታለል አይለውም፤ እንግዳ ሲመጣ ጥሩውን ምንጣፍ እንደማንጠፍ ነው። ገዢውም ያውቃል። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ያስገባና ከሆዱ ጎትቶ ያያል። እኔም ለቤቴ ስገዛ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ካሜራዬን ይዤ ግቢው ስገባ ለቃሚዎቹ «ቆይ፣ ቆይ!» አሉኝ። የየጆንያውን አፍ ማስተካከል ጀመሩ።

እኔም ቆየሁ።

መቆየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። «ያቺን ትንሽ ወደ ቀኝ» ብያለሁ!

የሻገተውን አምጡ ስል እትዬ ብርቄ ተቆጡ። «አንተ! ነውሬን አዲስ አበባ ልትልክብኝ ነው?» ስለምናቸው አንድ ጆንያ አስመጡ። እሱም አፉ ለብሶ ነበር። አነሳሁት። «ሦስተኛ ደረጃ» ብዬ ላክሁት። ብርሃኑማ ግሩም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ጠዋት እንመለስ።

ሐጂ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ገቡ። ናሆም ማሽኑን ከፈተ። ጥሩው በርበሬ ቀረበ። «አንደኛ ደረጃ» አለ ማሽኑ። ተጨበጨበ።

መካከለኛው ቀረበ። «አንደኛ ደረጃ።» ጭብጨባው ሳሳ።

የሻገተው ቀረበ። ሽታው በር ድረስ ይሰማል።

«አንደኛ ደረጃ።»

ከለቃሚዎቹ አንዷ ሳቋን በሻሿ አፈነች። ሐጂ ጠጋ ብለው አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ካሜራው ፊት ያዙት። የሆነውን ታውቃላችሁ።

«ማሻአላህ!» አሉ። «ጋዜጠኛውንም በኪሎ ልውሰደው?»

ግቢው በሳቅ አውካካ። ስንት ዓመት በዚህ ሙያ ስለፋ አንደኛ ደረጃ ያለኝ የለም፤ ዛሬ ተባልኩ፣ በሻጋታ ወረፋ።

እትዬ ብርቄ ግን አልሳቁም።

ናሆም ፎቶዎቼን ላፕቶፑ ላይ እያገላበጠ አየ። ቀይ። ቀይ። ቀይ። «ጋሼ፣ መጥፎው የታለ?» አለኝ።

«ከሥር ነው» አልኩት።

ወዳጆቼ፣ እውነቴን ነው፤ ይህን ከአፌ አወጣሁት!

«ማሽኑ እኮ እጅ የለውም» አሉ ሐጂ በቀስታ።

እትዬ ብርቄ ጠጋ አሏቸው። «ሐጂ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሡኝ። ጆንያውን ሁሉ እዘረግፈዋለሁ። ሻጋታውንም በገዛ እጄ ለካሜራ አቀርባለሁ።»

«እህቴ፣ ገበያው አይታገሠኝም። ሲማር ጥሪኝ፤ ኢንሻአላህ እመጣለሁ።»

ከምሳ በኋላ ለቃሚዎቹ ጆንያዎቹን ሸራ ላይ ዘረገፉ። እትዬ ብርቄ የሻገተውን ራሳቸው እየጎተቱ ፀሐይ ላይ አወጡ። ሳነሳው «ቆይ» ያለኝ የለም። ባነሩ ከላያችን ይወዛወዛል።

ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ግድግዳውን፣ መብራቱን፣ ቲሸርቱን ሁሉ አዘጋጀን። ወጋችንን ለማያውቅ እንግዳ የጆንያውን ሆድ ለማሳየት ግን አልተዘጋጀንም። እኛ ለይሉኝታ የሸፈንነውን ገዢ በክንዱ ያገኘዋል፤ ማሽኑ ያሳየነውን አመነ። የዋህነቱ አሳዘነኝ። የእኔ ደግሞ አሳፈረኝ፤ እኔ ክንድ ነበረኝ።

ነገ ወልቂጤ እሄዳለሁ። የአንድ ጽሕፈት ቤት የሩብ ዓመት አፈጻጸም መግለጫ አለ። እስቲ ምከሩኝ፤ እጅጌዬን ልሰብስብ ወይስ «ቆይ፣ ቆይ» እስኪሉኝ ልጠብቅ?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሐጂ ከማል አይሱዙ ሌላ ነጋዴ ፍለጋ ወደ እንሴኖ ወጣ። የጫነው አንድ ጆንያ ነው፤ ሐጂ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው የመረጡት።