ደረጃ የማይዘል ሰው

መልሱን ብቻ ተናግሮ ዝም ማለት የማይችል ሰው የሌለበት አገር የለም። "ውሃው ወዴት ነው?" ብትሉት ከዝናቡ ይጀምርላችኋል። እናንተ በጥም ስትደርቁ እሱ ገና ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው።

የእኔው በጣሊያን ጊዜ መጣብኝ። ክቡር እንዳላማው፣ ሊቀ አልጀብራ ወጂኦሜትሪ (ማዕረጉን በልቤ የሰጠሁት እኔ ነኝ)፣ አዲስ አበባ ከሚማርበት ጦርነቱ አባሮት ዲማ አጠገብ ወደ እናቱ መንደር ገባ። እኔ ያኔ የአርበኛው የፊታውራሪ አንለይ ጸሐፊ ነበርሁ። ባሕረ ሐሳብ ተምሬ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ዓይኔን ጨፍኜ እናገራለሁ። ፊታውራሪ "ምን ትላለህ ደምለው?" ሳይሉ ነገር አይቆርጡም ነበር። እሱ በመጣ በሳምንቱ ግን "እንዳላማውን ጥሩልኝ" ሆነ። ቀናሁ።

ጎረቤታችን ሽታዬ ለአጥሯ ስንት እንጨት እንደሚበቃ ጠየቀችው።

"ያልታወቀውን 'ሀ' እንበለው" አለ።

"እንበለው፣ ግን ከብቱ ሰብሌን እየጨረሰው ነው!"

እሱ ምን ቸገረው፣ መሬት ላይ በአመድ ሥሎ፣ አካፍሎ፣ አባዝቶ፣ "መቶ ሃያ" አለ። ሲተከል አንድ እንጨት አልተረፈ፣ አንድ አልጎደለ። "እኔም በዓይኔ ገምቼው ነበር" አልሁ። የሰማኝ የለም።

ኋላ ጣሊያን መንደራችንን ሊያቃጥል መሆኑ ተሰማ። አርባ ሰው፣ ሽማግሌና ሴት ከነሕፃናቱ፣ አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ ወደ ቆላ መውረድ ነበረበት። በዚያው ቀን ደግሞ የጠላት ጦር በጎዳናው ያልፋል።

"በሰላም እንሻገራለን" አልሁ ፈጥኜ።

"በምን አወቅህ?" አሉ ፊታውራሪ። እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

እንዳላማው አመዱን ይዞ ቁጢጥ አለ። "የተጋደመው መስመር ሰዓት ነው፤ የቆመው እስከ መሻገሪያው የቀረን መንገድ። ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀረናል፣ በሰዓት ሦስት እንሄዳለን። የሚፈጀውን ሰዓት 'ሀ' እንበለው። ሦስት ጊዜ ሀ ዐሥራ ሁለት ነው። ሁለቱንም ወገን ለሦስት ስናካፍል ሀ አራት ይሆናል። ንጋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥተን በአራት ሰዓት እንሻገራለን። እነሱ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነሥተው እስከ መሻገሪያው ያለውን ሃያ ኪሎ ሜትር በሰዓት አምስት አምስት ቢሄዱ፣ በአምስት ሰዓት ይደርሳሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንቀድማቸዋለን።"

ሰው ሁሉ "አበጀህ!" አለ። እኔ ቁልቁል የወረደውን መስመሩን ሳይ ቆየሁና ስሕተቱን አገኘሁት። በዚያ መንገድ ላይ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የእኛ አገር ሰው ደጀ ሰላም ሳይስም አያልፍም። ሽማግሌው ሰግዶ እስኪነሣ በየደጁ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ፣ የቀደምነው አንድ ሰዓት አለቀ። መሻገሪያው ላይ ከጣሊያን ጋር ፊት ለፊት ልንገናኝ ነው።

ቅናቴ "ዝም በል፣ አንድ ቀን እንኳ ይዋረድ" አለኝ። እውነቴን ነው፣ ዝም ብዬም ነበር። ኋላ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት መቋሚያቸውን ተደግፈው አመዱን ሲያዩ አየኋቸው።

"መስመርህ ቤተ ክርስቲያን አይሳለምም" አልሁት።

"ምነው ልጄ፣ እኔ ሳልሳለም ላልፍ ኖሯል?" አሉ እማሆይ ደንግጠው። "እሱስ ከጣሊያኑም ይብሳል!"

እንዳላማው መስመሩን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሳቀ። ወርቅ ያገኘ ሰው እንኳ እንዲያ አይስቅም። መስመሩን አጥፍቶ ሦስት ቦታ እያጋደመ እንደገና ሣለው፤ ጫፉ በአምስት ሰዓት ከጣሊያኑ ጫፍ ጋር ገጠመ። "ሁለት ሰዓት ቀድመን፣ በዐሥር ሰዓት እንነሣ" አለና ወደ ፊታውራሪ ዞረ። "መልሱ የደምለው ነው።"

ተነሣን፣ ሦስቱንም ተሳለምን፣ ተሻገርን። ማዶ ጉብታው ላይ ስንቆጠር አርባ ነን። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጦሩ ከታች በጎዳናው አለፈ።

እሱ ደረጃውን ሁሉ አመድ ላይ ባይዘረጋው ስሕተቱን ማን ያይ ነበር? የእኔን "በሰላም እንሻገራለን"ማ ማን ያርመዋል? ዛሬ ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር ከመጀመሪያው ደረጃ እጀምራለሁ፣ ተማሪዎቼም ያዛጋሉ። ነፍሱን ይማረውና የእንዳላማውን ደረጃዎች አንድ ሳላስቀር ወርሻለሁ። አርባ ሰው ፊት ታርሞ የሳቀውን ሳቅ ግን እስከ ዛሬ አልቻልሁበትም። አሁንም እቀናበታለሁ።