ካናቴራ የበላው አፈር

ሰው መቼም ዓይኑ ላላየው ነገር ደንታ የለውም። እርስዎን ለማማት አይደለም፤ ራሴን ነው። ባንድ ከሰዓት በኋላ ስንቱን ፍጥረት እንደፈጀሁ ያን ጊዜ ቢነግሩኝ እስቅ ነበር።

ጅቡቲ፣ ካርቲየ ዱ በሚባለው ሰፈር፣ የእትዬ አስካለ ጎረቤት ነኝ። ሟቹ ባለቤታቸው አቶ ተሰማ ባቡር ላይ ሲሠሩ ከድሬዳዋ በተመለሱ ቁጥር አንድ ጆንያ አፈር ይዘው ይገቡ ነበር። ሌላው ብርቱካን ሲያወርድ እሳቸው አፈር! በዚህ ጨዋማ መሬት ላይ ስንት ዓመት ፈጅተው አንዲት የጎመን መደብ አበጁ። ከዚያ እሳቸውም አረፉ፣ ባቡሩም ቆመ። የእትዬ አስካለ ትንሽ ምግብ ቤት የምትኖረው በዚያች መደብ ጎመን ነው።

ታዲያ እትዬ ወገባቸውን ይዘው አረም ሲነቅሉ አንጀቴን በሉትና ከምሠራበት ከዶራሌ ወደብ አካባቢ የአረም ማጥፊያ ፈልጌ አመጣሁ። መጠኑን አነበብኩ፤ ከዚያ እጥፍ አድርጌ ረጨሁ። ደገምኩም። አረሙ ረገፈ። ተመረቅሁ።

ምርቃቱን ሳልጠግብ ጎመኑ አልበቅልም አለ። የተቀበረው ልጣጭ እንኳ ሳይበሰብስ ከረመ። ችግኝ የሚያፈላው ጎረቤታችን ሐሰን መጥቶ አፈሩን አሸተተ።

«እዚህ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች ነበሩ» አለ፤ «ልጣጩን አበስብሰው ጎመኑን የሚያበሉት እነሱ ናቸው። መድኃኒቱ ሳይጎዳቸው አልቀረም። እስቲ የጥጥ ልብስ ቅበሩ። ከበሉት፣ በሕይወት አሉ ማለት ነው።»

የማን ልብስ? የአጥፊው ነዋ! ካናቴራዬን ከሁለት ወር በኋላ ቆፍረን ስናወጣው ታጥቦ የሚለበስ ነበር።

«እትዬ፣ ሌላ አፈር እንፈልግ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«የተሰማን አፈር ጥዬ? በቁሜ አላደርገውም! ይልቅ ፍግ አምጣ።»

በየዓርቡ ከባልባላ የፍየል ፍግ ተሸከምኩ። እሳቸው የአትክልት እጣቢ ያጠጣሉ፣ ፀሐይ እንዳይጠብሰው ገለባ ያለብሱታል። በመጀመሪያው ዘር አንዲት ቅጠል ብቅ አላለችም። «እንደገና» አሉ። ሁለተኛውም በቅሎ ጠወለገ። «እንደገና!» እኔ ስዝል እሳቸው ይበረቱ ነበር።

ዓመት አልፎ ሌላ ካናቴራ ቀበርን። በሁለት ወሩ ሲወጣ የቀረው ስፌቱና አንገቱ ብቻ ነው። እትዬ ያችን ብጣሽ ወደ ፀሐይ አንስተው እልልታቸውን ሲያቀልጡት፣ ሰፈሩ ሠርግ መስሎት ወጣ። ወዲያው ዘሩን በተኑ። እኔም ደስ ብሎኝ በመደቧ ላይ ልሻገር ስል ጮኹ፦

«ኧረ ቀስ ብለህ ርገጥ፣ ሰው አለ!»

ጫማዬን አውልቄ በጣቶቼ ጫፍ ተራመድኩ።