የዶክተር ሰውአገኝ ሙክት

በየሰፈሩ ስሙ የተነሳበትን ቦታ ሁሉ የሚያነፈንፍ ሰው አይጠፋም። አንዱ የሠርግ መጥሪያው ላይ ማዕረጉ መጻፉን ያጣራል፤ ሌላው በዕድር ስብሰባ ካልተመሰገነ ያኮርፋል። የእኛ የማራኪ ሰፈሩ ግን የሚያነፈንፈው በዓለም ዙሪያ ነው።

ክቡርነታቸው ዶክተር ሰውአገኝ፣ የአንጎል ስሌት ሊቅ፣ ጎረቤቴ ናቸው። ከዚህ በኋላ አንተ እለዋለሁ፤ ስኳር የሚበደር ጎረቤት አንቱ አይባልም።

ሥራው እንቅልፍ ነው። ሰው ሲተኛ የአንጎል ሴሎች እንዴት ተራ በተራ ዝም እንደሚሉ ኮምፒውተር ላይ በሒሳብ ይጽፋል። መጽሔቶች ያትሙለታል። አንባቢው ግን ሰፊው ሕዝብ ቀርቶ ጠባቡም የለም። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ሌላ ተመራማሪ ጽሑፍህን ካልጠቀሰ እንዳልጻፍክ ነው፤ የማዕረግ ኮሚቴውም ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚያደርግህ ተጠቃሽነትህን ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ሰውአገኝ ሚኒባስ ውስጥ ስልኩን ያያል፤ ለቅሶ ቤት ያያል፤ ከቅዳሴ ሲወጣ ነጠላውን ሳያስተካክል ያያል። «ኔትወርኩ ነው እንጂ ጥቅሱ ገብቶ ይሆናል» ይላል። ሁልጊዜ ኔትወርኩ ነው።

ባለፈው ጥር ገባ። አንድ የውጭ አገር የተመራማሪዎች ቡድን ጠቀሰው። አባቱ አያ ቢሻው ከኮሶዬ ሙክት ጭነው መጡ፤ ሚስቱ እታገኘሁ ጠላ ጠመቀች፤ ሰፈሩ ተጠራ። ክርስትና ያስነሳ እንጂ የተጠቀሰ ሰው አይመስልም።

የጠቀሱበት ጽሑፍ በክፍያ የተቆለፈ ስለነበር እስከዚያ ያየው ርዕሱን ብቻ ነው። ወዳጁ ሙሉውን የላከለት ወጡ ሊወጣ ሲል ነበር።

«እስቲ ለሁላችንም በአማርኛ አንብበው» አልሁት።

ቆመ። «ሰውአገኝ ባቀረበው ስሌት ውስጥ...» ተጨበጨበ። «...ስለ እንቅልፍ በሚያትተው...» እልል ተባለ። «...የመደመር ምልክት በሚገባበት ቦታ የመቀነስ ምልክት ስለገባ...»

እልልታው መንገድ ላይ ቀረ።

«ስድብ ነው?» አሉ አያ ቢሻው።

«እርማት ነው አባዬ።»

«ምነው ታዲያ ላብ አጠመቀህ? ልክ ናቸው?»

ሰውአገኝ የቢራ ካርቶን ቀዶ መጻፍ ጀመረ። ወጡ ቀዘቀዘ፤ እንግዳው ሁሉ እጁን ታጥቦ ይጠብቃል። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል።

«ልክ ናቸው። በእኔ ስሌት ከሄድን ሰው እስኪሞት ድረስ እንቅልፍ አይወስደውም።»

ጠጋ ብዬ «አንተ ሞኝ፣ ዝም በል፤ ኮሚቴው ይቆጥራል እንጂ አያነብም» አልሁት።

«ስሌቱ ከተሳሳተ ውጤቱም የለም። ጽሑፌን ሰርዙልኝ ብዬ እጽፋለሁ።»

«ማዕረግህስ? የተሰረዘ ጽሑፍ እኮ አይቆጠርም።»

ሰውአገኝ ሚስቱን አየ። ይህን ማዕረግ ከእሱ እኩል ስትጠብቅ የኖረች ናት።

«ታዲያ ሌላ ሰው ይሳሳትበት ወይ?» አለችና ወጡን ልታሞቅ ይዛ ገባች።

እዚያው ዘመድ አዝማድ መሃል፣ በስልኩ ለመጽሔቱ ጻፈ።

ከምግብ በኋላ አያ ቢሻው ለምርቃት ተነሱ። እንደዚህ ላለ ድግስ ምን እንደሚባል ግራ ገባቸው። ከዚያ «ሥራህን እስከ መጨረሻው የሚያነብልህ አይጥፋ፤ ላረሙህም ሸጋ እንቅልፍ ይስጣቸው» አሉ።

እኔ የአብዮት ወረቀት ከምበትንበት ዘመን ጀምሮ፣ እግዜር የለም ብዬ፣ በምርቃት ሰዓት አፌን ዘግቼ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ያን ቀን ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ለካ አሜን ስል ሁሉንም ቀድሜያለሁ።