ስክሪኑ እንጉዳይን ሲፈልግ

ሕልም የሚታየው በሌሊት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ወይዘሮ እንጉዳይን አያውቃትም። እሷ ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ በኋላ ባለችው አንድ ሰዓት ውስጥ፣ ለጠላት እንኳ የማይመኙት ሕልም አየች። እንቅልፍ የት እንደጣላት ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ምን ጭንቅ ይዟት እንደነበር ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ሕልሙ የእብድ ወሬ ይመስላችኋል።

እንጉዳይ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ ሆና ሠርታለች። በዚያ መሥሪያ ቤት ሥልጠና የሚኬደው በተራ ነው። ተራው የደረሰ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ስለምን እንደሚሠለጥን የሚጠይቅ የለም። ዘበኛው ስለ በጀት አዘገጃጀት ሠልጥኖ መጥቷል፤ የበጀት ኃላፊዋ ደግሞ ስለ እሳት ማጥፊያ። የእንጉዳይ ተራ ሲደርስ የመጣው የኮምፒውተር ሥልጠና ነበር፤ ባሕር ዳር ላይ፣ ለሦስት ቀን። ሁለቱን ቀን አርፋ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን የስም መቆጣጠሪያው ላይ ፈረመችና አሠልጣኙ ከመግባታቸው በፊት በጓሮ በር ሾልካ ወጣች፤ ሄዳም ጀልባ ተሳፈረች። ጣናን በዕድሜዋ አይታው አታውቅም ነበር። እኔ በበኩሌ አልፈርድባትም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሥልጠናው መጨረሻ የተሰጣት የምስክር ወረቀት ከጸሐፊነት አንሥቶ የኮምፒውተር ባለሙያ አደረጋት፤ የራሷ ክፍል፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ በሩ ላይ ስሟ። ስምንት ወር ሙሉ ማንም ምንም ሳይጠይቃት ኖረች። ትናንት ጠዋት በር የሚያክል ስክሪን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ያለ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛል ተባለ። ከሰዓት እንግዶች ይመጣሉ፣ ሪፖርቱን በስክሪኑ እናሳያቸዋለን፣ የሚያገናኘውም ሠልጥና የመጣችው እንጉዳይ ናት ተባለ። እንግዶቹን እየመሩ የሚመጡት ደግሞ ያሠለጠኗት አቶ ሲራክ ራሳቸው ናቸው። በሥልጠናው መርሐ ግብር ላይ ስለ ስክሪን ማገናኘት የሚለው የተጻፈው በሦስተኛው ቀን ሥር ነበር። ማገናኘት ካቃታት የዚያን ቀን እንዳልነበረች አቶ ሲራክ እዚያው ያውቁባታል። ክፍሉም ወንበሩም ይሄዳል፤ በሃምሳ ዓመቷ ፈርማ የጠፋች መባል ይተርፋታል። ይህን ፈራች፤ በጣም ፈራች። በዚህ ፍርሃት ላይ ነው እንቅልፍ የመጣባት።

ሕልሙ ከመሥሪያ ቤቱ በር ጀመረ። ባለጉዳዮች ዘበኛውን እጁን አስዘርግተው ይፈትሹታል። ግቢው ውስጥ ኃላፊዎቹ ፋይል ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ አንዲት ባለጉዳይ በመስኮት ብቅ ብላ «ነገ ተመለሱ» ትላቸዋለች። እነሱም እሺ እያሉ አይሄዱም። እንጉዳይ ረፍዶባት ስለነበር እየሮጠች ወደ ክፍሏ ገባች። የሚሽከረከረው ወንበር ላይ የምስክር ወረቀቷ ተቀምጦ ደብዳቤ ይፈርማል። እሱ ተሰቅሎበት የነበረው ሚስማር ባዶውን ቀርቷል።

«ቦታሽ ያ ነው» አላት የምስክር ወረቀቱ፣ ቀና ሳይል ወደ ሚስማሩ እየጠቆመ።

አዳራሽ እንደምትፈለግ ነግራው ወጣች። በአዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ሰዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ እንግዳ ወንበሩን ጭኑ ላይ አድርጎ በትዕግሥት ያባብለዋል። ከፊት ለፊት ላፕቶፖች የስም ካርድ አንጠልጥለው ተደርድረዋል፤ አንዱ ላፕቶፕ ስብሰባው ሲሰለቸው ፊቱ የተቀመጠውን ሰውዬ አናቱን ተጭኖ አጠፈውና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ይመር ሽርጥ አድርገው ሻይ ያዞራሉ። መድረኩ ላይ ሻይ አፍይዋ እትዬ ስንዱ መነጽር አድርጋ ስብሰባውን ትመራለች፤ ሻዩ ቀጠነ እያለችም ትገሥጻቸዋለች። እንጉዳይ ለማንም ሰላም ሳትል ከምሰሶው ኋላ ተሸሸገች። ምሰሶው ግን ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ለሻይ ወጣ።

ያን ጊዜ ስክሪኑ በሬዲዮ ዜና ድምፅ መናገር ጀመረ። በአካባቢው ያሉ ሰዎችን እየፈለግሁ ነው አለ። ፈልጎ ፈልጎ ስም መጥራት ጀመረ፤ የተጠራው ሁሉ አቤት እያለ ተነሥቶ በግድግዳው ላይ ለጥቂት ጊዜ ይታያል፣ ይመረመራል፣ ይቀመጣል። የበጀት ኃላፊዋ ታየች፤ ውስጧ የእሳት ማጥፊያ ብቻ ነው። ዘበኛው ታየ፤ የሦስት ዓመት በጀት እስከነዝርዝሩ። በመጨረሻ የቀረው አንድ ስም ነበር።

«እንጉዳይን አግኝቻታለሁ፤ ግን አንድ መስመር ላይ አይደለንም» አለ ስክሪኑ። «እኔ እዚህ ነኝ። አንቺ የት ነሽ?»

«እኔም እዚሁ ነኝ።»

«የዛሬውን አልጠየቅኩሽም።»

እንጉዳይ እግሯ ቀዘቀዛት። ዝቅ ብላ ብታይ ውኃ ከበሩ ሥር እየገባ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል። ሌላ ማንም ያስተዋለ አይመስልም። እትዬ ስንዱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችና ነገሩ ቀላል እንደሆነ አስረዳች፤ ለመገናኘት አራት ቁጥር ያስፈልጋል፣ ቁጥሩም እንጉዳይ ግንባር ላይ ተጽፏል፣ አንብባ ትናገርና ሁላችንም እንገላገል አለች። እንጉዳይ ግንባሯን ዳበሰች። ቁጥሮቹ በጣቷ ይታወቋታል፤ ምን ምን እንደሆኑ ግን አልለይ አሏት። አቶ ይመርን ለመነቻቸው። ትሪውን እንደያዙ ግንባሯን አተኩረው አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አዎ ጥሩ ቁጥር ነው አሉ፤ ነገር ግን በቃል የሚሰጥ ስላልሆነ በደብዳቤ ጠይቂኝ አሏት። ደብዳቤውን ጻፈች። ማኅተም የለውም ተባለ። ማኅተሙን ልታመጣ ብትሄድ የዓመት ፈቃድ ወጥቷል።

እያለቀሰች ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች፤ መስተዋቱ ውስጥ ግንባሯን ልታይ። መስተዋቱ ውስጥ ግን አቶ ይመር ብርጭቆ ሲያጥቡ ታዩ። ያጠቡት ግን ጠዋት ነበር፤ መስተዋቱም የሚያሳየው በተራ ነው። ከሥሩ «ተራዎ እስኪደርስ ይታገሡ» የሚል ጽሑፍ አለ። ቆመች። አቶ ይመር አጥበው ጨረሱ፤ ከሳቸው በኋላ የማታውቃት ሴት መጥታ ፀጉሯን ማበጠር ጀመረች፤ ረጅም ፀጉር ነበራት። ውኃው ጉልበቷ ደረሰ። ከአዳራሹ ስሟን በጥሪ ማጉያ ይጠሯታል። ሴትዮዋ አበጥራ ጨረሰችና ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረች።

እንጉዳይ ተስፋ ቆርጣ ስትመለስ የሦስቱ ቀን የስም መቆጣጠሪያ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። ከሦስተኛው ቀን ሥር የራሷ ፊርማ ብድግ ብሎ ቆመ። ቀጭን ነው፤ ጅራቱ እንደ ሁልጊዜው ወደ ላይ ተጠምዝዟል፤ ብብቱ ሥር ደብተር ይዟል።

«አንቺ ስትሄጂ እኔ ቀረሁ» አላት። «ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ማስታወሻ ያዝኩ። የቀረበልኝን ምሳ እንኳ መብላት አልችልም።»

ያን ሁሉ ሲል ድምፁ የተቆጣ አልነበረም፤ የከፋው ነበር። እንጉዳይ እንደዚያ ያለ ሐዘን በገዛ ፊርማዋ አይታ አታውቅምና ሆዷ ባባ። ይቅርታ ጠየቀችው። ለአንድ ቀን ብቻ ነበር፣ ሐይቅ አይቼ አላውቅም፣ እባክህ እንዴት እንደሚገናኝ ብቻ ንገረኝ ብላ ለመነችው። ፊርማው ደብተሩን ከፈተ። ገጹ ከላይ እስከ ታች ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን ሁሉ እሱ ራሱ ነው፤ ፊርማ፣ ፊርማ፣ ፊርማ። ሌላ ፊደል አላስተማርሽኝም አላት።

እትዬ ስንዱ መነጽሯን አወለቀች። ካላወቀች እሷው ትታይ ብላ ወሰነች። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ወንበሮቹም አጨበጨቡ።

«አገኘሁሽ» አላት ስክሪኑ፣ በጣም በቅርብ።

ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተከፈተና በውስጧ ያለው ሁሉ ግድግዳው ላይ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት የበላችው ጨጨብሳ ወጣ። ቀጥሎ ለጎረቤቷ ወንፊቱ ጠፋብኝ ያለችው ውሸት፣ እሱም ከነወንፊቱ። ቀጥሎ ሰማያዊ ነገር ታየ፤ ውኃ ነው፤ ከሩቅ ደግሞ ጀልባ እየመጣ ነው። እንጉዳይ ነጠላዋን አውልቃ ስክሪኑን ልትሸፍን ዘለለች። ነጠላው ላይም ይታያል። በእጇ ከለለች፤ እጇ ላይም ይታያል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ውኃ አንገቷ ደርሷል፤ ጀልባው እየቀረበ ነው፤ የተሳፈረችው ሴት ፊቷን ልታዞር ነው። እንጉዳይ አታዙሪ ብላ ጮኸች። ድምፅ አልወጣትም፤ ጩኸቷ ግን በትልልቅ ፊደል ግድግዳው ላይ ተጻፈ።

ነቃች።

ጉንጯ ላፕቶፑ ላይ ነበር። ለካ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ጀርባዋን ለስክሪኑ እንደሰጠች ነው እንቅልፍ የጣላት። የምሳ ሰዓቱን ሙሉ ያገኘችውን ሁሉ ስትነካ ቆይታ፣ «እየተገናኘ ነው» የሚለው ጽሑፍ አልንቀሳቀስ ሲላት ነበር ያሸለበችው። አሁን ቀና ስትል አዳራሹ ሞልቷል። እንግዶቹ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ስንዱ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አቶ ይመር ላብ አጥምቋቸዋል። ከመካከል አቶ ሲራክ መነጽራቸውን አድርገዋል። ሁሉም የሚያዩት ከእሷ ራስ በላይ ነው።

ዞራ አየች። ስክሪኑ ተገናኝቷል። ለስብሰባው ሪፖርት በተሰቀለው ስክሪን ላይ፣ ከመተኛቷ በፊት አብራት ለሠለጠነችው ለዘሀራ የጻፈችው መልእክት ክንድ ክንድ በሚያህል ፊደል ተደርድሯል፦ «ዘሀራዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ስለ ስክሪን ምን ነበር ያሉት? እኔ እኮ ፈርሜ ጀልባ ላይ ነበርኩ።»

እንጉዳይ ያየችውን የፊደል ቁልፍ ሁሉ መጫን ጀመረች። አልጠፋም። ገና ቁልፎቹን ስትጫን ግድግዳው ላይ የዘሀራ መልስ ገባ፣ ሁሉም አነበበው።

«አንቺ ሞኝ፣ ለዚህ ነው የምትጨነቂው? የዚያን ቀን ማን ተማረና። አሠልጣኙ ራሳቸው አልመጡም። ፈርመን ተበተንን። እሳቸውማ ጀልባ ሲሳፈሩ ታዩ አሉ፤ ሐይቁ ላይ አልተያያችሁም እንዴ?»

አንድ እንግዳ ሳል ሳል አደረገው። አቶ ሲራክ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በመሐረብ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ እንጉዳይ ጠረጴዛ መጡና ጎንበስ አሉ።

«ይቺ ነገር» አሏት በቀስታ፣ «እንዴት ነው የምትጠፋው?»

እንጉዳይ አቶ ይመርን አየች። አቶ ይመር በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ አዩ። በአዳራሹ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።